ጨው ተበድረሽ ነይ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ሰላምታዬን ሳላስቀድም ነገሩ የተበላሸበትን ደቂቃ ልንገርሽ፤ አለዚያ እጄ አይጽፍልኝም። ባለፈው ሐሙስ እዚህ እንጅባራ፣ የፈጠራ ሥራዎች ለሽልማት በሚወዳደሩበት አዳራሽ፣ ባልሽ ደርበው ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ፣ "ባለቤቴ በትንሹም በትልቁም ትደነግጥ ነበር። ይቺን አምባር ካሰረች ወዲህ ግን እኔ ስቆጣ እንኳ እጇን ይዛ ትተነፍሳለች፤ መልስ የለ፣ ለቅሶ የለ። ጨዋ ሆነችልኝ!" አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ይቅር በይኝ። ያጨበጨብኩለት ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

አንቱ እያልኩ ያደግሁትን ሰው ዛሬ "እሱ" ስለው አትቆጪኝ፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ።

አሁን ልጠይቅሽ፤ እንዴት ነሽ? "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለሽ ብቻ እንዳታልፊኝ። ቀኝ እጅሽ ዳነ ወይ? አምባሩን ሳስርልሽ "በግራዬ ይሁን፣ ቀኙን በር መትቶኛል" ብለሽኝ ነበር። እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ፣ እንጃ።

የሠራሁትን አምባር ታውቂዋለሽ። ልብ ሲፈጥን ያውቃል፤ ያኔ እጅ ላይ ቀስ እያለ እየነዘረ፣ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ "ሳቢ፣ ልቀቂ" እንደሚልሽ ሰው ትንፋሽሽን ይመራል። ፈተና ለሚያርበተብተው ተማሪ፣ ሰው ፊት መናገር ለሚያስጨንቀው ሰው ብዬ ነበር። ልብ የፈጠነበትንም ሰዓት ይመዘግባል። ሃያ ሰው ለአንድ ወር አሰረልኝ፤ አንዷ አንቺ ነሽ።

መዝገብሽን ሳየው ግራ ገባኝ። የሌላው ሰው ልብ ጫጫታ ሲበዛ ይፈጥናል። ያንቺ ግን የደርበው ወፍጮ ሰፈሩን ሲያደነቁር ረግቶ ይውልና፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወፍጮው ሲቆም ይዘላል። ሰዓቱን እዚያው ቤት ስላደግሁ አልስተውም። እሑድ ወፍጮው አይሠራም፤ እሑድ ቀኑን ሙሉ ነው።

አማካሪዬ መምህር ይኸነው፣ "መሣሪያው ተሳስቷል፤ ጸጥታ የሚያስደነግጠው ሰው የለም። ከሪፖርቱ መስመሯን ሰርዢው" አለኝ። እምቢ አልኩ። "አንቺ ልጅ፣ ከእህትሽና ከሽልማቱ አንዱን ምረጪ" ብሎ ሳቀ። በማግሥቱ ሪፖርቱን ስከፍተው መስመርሽ የለም፤ ራሱ ሰርዞታል። በምትክሽ እንዲመሰክር የጠራው ደግሞ ባልሽን ነው።

ደርበው ከመድረኩ ሳይወርድ ወደ እኔ ጠቆመ። "ይቺ ኢንጂነር እኮ እኔ ቤት ነው ያደገችው! ሥራዋ ጨው መበደር ነበር፤ ከወፍጮ ቤት በገባሁ ቁጥር ለጨው ስትሮጥ በር ላይ ነው የምንጋጨው!" አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ጨው። ወፍጮው ሲቆም "ቶሎ በይ፣ እማማ ምህረቴ ቤት ጨው ተበድረሽ ነይ" ትዪኝ ነበር። አንድ ቀን ዕቃው አፉ ድረስ ሞልቶ አየሁና "አለ እኮ" ብልሽ፣ "እሱ የበዓል ነው" አልሽኝ። አመንኩሽ። ከክፍል አንደኛ የምወጣው ልጅ፣ የበዓል ጨው አለ ሲሉኝ አመንኩ!

እማማ ምህረቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከዳንግላ መጥተው ትናንት እኔ ጋ አደሩ። ጠየቅኋቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "ልጄ፣ ጨው እንዳልጎደላችሁ አጥቼው ነው? እፍኝ ጨው ለመስጠት ያን ያህል ሰዓት እቤቴ አስቀምጥሽ የነበረው ለምን ይመስልሻል?" አሉኝ።

ግራ የገባኝ ይኸው ነው። የሠራሁልሽ ነገር አሳረፈሽ ወይስ እንድትችዪው ብቻ አደረገሽ? ልብሽ "ውጪ" ሲልሽ "ተንፍሺ" እያለ የደለለሽ የእኔ አምባር ይሆን? አንዳንዴ "ያለሱ ይብስባት ነበር" እላለሁ፤ መልሼ በራሴ እናደዳለሁ። መሣሪያው ግን አልተሳሳተም። እርግጠኛ የሆንኩት በዚህ ብቻ ነው።

ስልክሽን የሚያነሣው ደርበው ስለሆነ በወረቀት ጻፍኩልሽ፤ እማማ ምህረቴ በእጅሽ ይሰጡሻል። አብሮት ያለው ቁልፍ የክፍሌ ነው። ከመናኸሪያው በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው፤ አልጋው ለሁለት ይበቃል።

እኔን ያሳደገ እጅሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ፤ ለእኔ ያልሽውን ሁሉ ለራስሽ ያድርግልሽ።

ከእንግዲህ አንቺን ሰርዘው የሚሰጡኝን ሽልማት አልቀበልም፤ የሐሙሱንም ዛሬ ጠዋት መልሼዋለሁ። ዝምታሽን ጨዋነት ሲሉትም አላጨበጭብም። ቅዳሜ ዳንግላ እመጣለሁ። ወፍጮው ሲቆም ከጎንሽ እቀመጣለሁ፤ ጨው ተበድረሽ ነይ ብትዪኝ አልሄድም።

ታናሽ እህትሽ