ለሁላችንም አራት አራት ምት ስላደሉን

ለተከበሩ አቶ ፒዮ ኪዋን፣
በቡሳን ከተማ የሄማሩ ጎልፍ ክበብ ሊቀመንበር፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የጉልበትዎ ሕመም ጋብ እንዳለልዎት፣ እንቅልፍዎም ሰላማዊ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እንኳ ካለፈው ጥቅምት ግጥሚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ግን የእኔ ነገር ምን ቁም ነገር አለው።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከፉኩኦካ ጃፓናውያን ወዳጆቻችን ጋር በየዓመቱ በምናደርገው የአማተሮች የወዳጅነት ግጥሚያ ስንሸነፍ ከኖርን በኋላ በአንድ ቃል ብቻ ባለዋንጫ ስላደረጉን ምስጋናዬ ይድረስዎ። በጎልፍ ዱላማ ማንም ያሸንፋል።

አንደኛ፤ በመጀመሪያው ጉድጓድ ኳስዎን በተመደበው አራት ምት ስላስገቡ ደስ ብሎዎት፣ የእኛን ውጤት ለምትመዘግበው ለወይዘሪት ኦክ «ለሁላችንም አራት አራት በይ፣ ዛሬ በዓል ነው!» ብለው አዘዙ። እርስ በርሳችን ስንጫወት ይህ የቆየ ደግነታችን መሆኑን አልክድም፤ በመጀመሪያው ጉድጓድ ለአንዱ ካማረለት ለሁሉም ያምርለታል። ባነሰ ምት የጨረሰ በሚያሸንፍበት ጨዋታ፣ ከባሕር ማዶ እንግዳ ጋር ዋንጫ ተይዞ ግን ሲደረግ ያየሁት ያን ቀን ነው። ኳሱን ኩሬ ውስጥ የከተተው ጸሐፊዎ ስምንቱ አራት ሆነለት። እኔም «ኧረ የእኔ አምስት ነው» ብል፣ «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ደግሞ! ጨዋታ እኮ ነው፤ ምን ታካብዳለህ?» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ስለ ትከሻዬም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ደግነትዎ ኮሪያኛ ብቻ ስለሚናገር የራሳቸውን ውጤት ራሳቸው ለሚጽፉት እንግዶች አልደረሳቸውም። በዚያች ሰዓት ከእንግዶቹ አንዱ፣ የረጅም ዘመን ወዳጄ አቶ ቶኩናጋ፣ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ኳሳቸው ጋር ይታገሉ ነበር። እጃቸውን የሚያንቀጠቅጠው ሕመም እየባሰ መሄዱን፣ ያም የመጨረሻ ግጥሚያቸው መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሰባት መቱ፤ ሰባት ጻፉ። ሲደመር በሁለት ምት አሸነፍን፤ እርሳቸውም የቡድናቸውን ዋንጫ ያስበሉት እነዚያ ትርፍ ሦስት ምቶቻቸው እንደሆኑ አመኑ።

ሦስተኛ፤ እራት ላይ ተነስቼ ዋንጫው የእንግዶቻችን ነው ብል፣ አስተርጓሚ የነበረው ያው ጸሐፊዎ «በመምጣታችሁ ልባቸው ተነክቷል» ብሎ ተረጎመልኝ። የእኔ ስብርባሪ ጃፓንኛ እንኳ ይህን አላጣችውም። ላርም አፌን ስከፍት እርስዎ ዘፈን አስጀመሩ፤ ድምፅዎ መቼም ግሩም ነው።

ለሚቀጥለው ነገር «አራተኛ» ብዬ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ምስጋና አይደለምና። በጀልባ ወደ ፉኩኦካ ተሻግሬ አቶ ቶኩናጋ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው በር ላይ ጎንበስ ብለው «ከአልጋ አይነሱም፤ ሰው ማየትም አይሹም» አሉኝ። እውነቱን ነግሬ ወደ ውስጥ ላክኋቸው። ተመልሰው ሲመጡ ያመጡልኝ መልስ ይህ ነው፦ «ማ ጆንግሴክ ደግ ሰው ነው፤ እኔን ለማጽናናት ብሎ የገዛ ክበቡን ያማል።» እዚያው ደጃፍ ላይ አለቀስኩ። የእኔን ቃል እንግዲህ አያምኑም። የሚያምኑት የእርስዎን፣ የክበቡ ማኅተም ያረፈበትን ብቻ ነው። አንድ መስመር ይጻፉላቸው ብዬ ደጅ ብጠናም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ፤ ኋላም «ተወው፣ ይረሱታል» አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በእኛ ክበብ ግን እያደር ጨለመ። ሐኪሞቹ ክረምቱን አይሻገሩም ብለዋል። ይህን የምጽፈውም ይጽፉላቸዋል ብዬ አይደለም፤ አይጽፉም። ሰውዬው ያላጠፉትን ጥፋት ታቅፈው ይሞታሉ፣ እርስዎም ለቀጣዩ ዓመት ሊቀመንበርነት ይመረጣሉ፣ እኔም ሳልወድ አጨበጭባለሁ።

ረጅም ዕድሜና ያልተቋረጠ ድል እየተመኘሁ፣ በልግስናዎ አንድ ምት የተማረልኝ፣ ከዚያ ወዲህ ዱላ ያልጨበጥኩ አክባሪዎ፣
ማ ጆንግሴክ
ጡረተኛ የመርከብ መሪ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በክበቡ አዳራሽ ያሰቀሉትን ትልቁን ፎቶግራፍ አየሁት። «እንግዳችን ለአሸናፊዎቹ እጅ ሲነሱ» የሚል ጽሑፍ ተጽፎበታል። አቶ ቶኩናጋ ወገባቸው እስኪታጠፍ ያጎነበሱት ግን ለእኛ አልነበረም። ፊት ለፊታቸው ቆመው የነበሩት የገዛ ቡድናቸው ሦስት ሰዎች ከፎቶግራፉ ተቆርጠው ቀርተዋል፤ ሽማግሌው እነሱን ይቅርታ እየለመኑ ነበር።