ሣጥን ቁጥር 5 የጥንት ሰው አይደለም

ግንቦት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለጊዜያዊ የቅርስ ማቆያ ቤት ኃላፊ
ሞጣ

አመልካች፦ ወ/ሮ የሺእመቤት አካለ ወልድ
አድራሻ፦ ቢቸና ከተማ፣ ቀበሌ 02

ጉዳዩ፦ በእኔው የሐሰት ቃል የጥንት ተብሎ የተመዘገበው የወንድሜ አጽም ለቀብር እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ። ነገር ግን በፊርማዬ ያበላሸሁትን በፊርማዬ ካላቃናሁት ሌላ የሚያቃናው የለምና ጥቂት ጊዜዎን እለምናለሁ።

1. ባለፈው ጥር ወር በቢቸና ከተማ ዳር በሚገኘው፣ ከተዘጋ ሃያ ዓመት በሆነው የኑግ ዘይት መጭመቂያ ግቢ ውስጥ ለእህል መጋዘን መሠረት ሊቆፈር ሲል በእኔ ጥቆማ ሥራው ቆሟል። የእርስዎ ባለሙያዎች መጥተው ሲቆፍሩ በድንጋይ የተገነቡ አራት የጥንት መቃብሮች፣ የሸክላ ዕቃዎችና አንድ የብረት መስቀል አገኙ። ከማሽን ቤቱ ሦስተኛ ምሰሶ ሥር ደግሞ አምስተኛ አጽም ወጣ። አምስቱም በየሣጥናቸው ሆነው ሞጣ ገቡ። አራቱን አላውቃቸውም፤ ነፍሳቸውን ይማር። አምስተኛው ግን ወንድሜ ባንተአምላክ አካለ ወልድ ነው።

2. ባንተአምላክ የዚያው መጭመቂያ የማሽን ሠራተኛ ነበር። በኅዳር 1970 ዓ.ም. የታጠቁ ሰዎች ከሥራው ላይ አንሥተው እዚያው ግቢ ውስጥ በጥይት ገደሉት። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። እኔ ምሳውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ «ዛሬ ምሳ አይበላም፣ ሂጂ» ተባልኩ። ሬሳውን ከለከሉን፤ ለቅሶም ከለከሉን። እናታችን ወ/ሮ ወለተ ሐና ጎረቤት እንዳይሰማ አፋቸውን በነጠላ አፍነው አለቀሱ። የተቀበረው ከዚያ ከሦስተኛው ምሰሶ ሥር መሆኑን የነገሩን የግቢው ዘበኛ የነበሩት አቶ ከፋለ ናቸው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ነገሩን ሰባት ዓመት በሆዳቸው ይዘውት ኖረዋል። ታዘው በኑግ ኬሻ ጠቅልለው የቀበሩት እሳቸው ራሳቸው ስለነበሩ ፈርተው ነው።

3. አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ዶዘሩ ግቢው ሲገባ የወንድሜን አጥንት ከአፈር ጋር ዝቆ ገደል ይጥልብኛል ብዬ ነፍሴ ተጨነቀች። እውነቱን እንዳልናገር፣ ሠላሳ አራት ዓመት የተዘጋ አፍ በአንድ ጠዋት አይከፈትም። ደግሞም ለጥንት ሰው ዶዘር ይቆማል፣ ለዘይት ቤት ሠራተኛ ግን ማን ያቆማል አልኩ። ስለዚህ መስቀል ጨብጬ «ይህ ቦታ የጥንት መካነ መቃብር ነው፤ ያለበት አጽም ሁሉ የጥንት ነው፤ ከአያቶቼ ሰምቻለሁ» ብዬ ምዬ ፈረምኩ። ከአያቶቼ ምንም አልሰማሁም፤ ፈጥሬ ነው። የፈጠርኩት ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ። የማላውቃቸው አራት ሰዎች ከመሬት ወጥተው መሰከሩልኝ፤ የእኔን ሰው ግን ይዘውት ሄዱ።

4. በሚያዝያ መጀመሪያ ሞጣ ድረስ መጥቼ ሣጥኑን አይቻለሁ። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «በግንባሩ የተደፋ፣ እግሩ ወደ ሰሜን፣ የተለየ የአቀባበር ሥርዓት» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ሥርዓት አልነበረም። ችኮላ ነበር። ባለሙያዋ ወ/ሪት ንጋት ወንበር ሰጥታ፣ ውኃ አጠጥታ አስተናግዳኛለች፤ ሆኖም «እማማ፣ የጥንት ነው ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ በቃል ልለውጠው አልችልም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አልፈርድባትም።

5. ወንድሜ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከዛፍ ወድቆ ግራ ክንዱ ከአንጓው በላይ ተሰብሮ ነበር። የጠገኑት ወጌሻ አቶ ይታገስ ዛሬም በሕይወት አሉ። «በዕድሜዬ አጣምሜ የጠገንኩት እጅ እሱ ብቻ ነው፤ ባየው አልስተውም» ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። በሣጥን ቁጥር 5 ያለው ግራ ክንድ ጠማማ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምርመራ ይደረግ ከተባለም ደሜን እሰጣለሁ።

6. እናታችን ሚያዝያ 23 ቀን አረፉ። «ልጄ ሳይቀበር እኔ እንዴት እቀበራለሁ» እያሉ ነው የኖሩት። አጥንቱ መገኘቱን ነግሬያቸው ደስ ብሏቸው ነበር። «ታዲያ ለምን አይመጣም?» ሲሉኝ «ቢሮው ገና እየጻፈ ነው» እላቸው ነበር። እሱን ይዛ ያስቀረችው የእኔ ፊርማ ናት ለማለት ድፍረቱን አጣሁ፤ ሳልነግራቸው ሞቱ። ይህ እስከ መቃብሬ ይበላኛል።

ስለዚህ በጥር ወር የሰጠሁት ቃል ተሽሮ፣ አቶ ይታገስ ባሉበት ክንዱ ታይቶ፣ አጽሙ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ። በሐሰት መማሌን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ በሕግ የሚያስጠይቀኝ ከሆነም እጠየቃለሁ፤ አልሸሽም። የአራቱ የጥንት ሰዎች መዝገብ ግን በእኔ ጥፋት እንዳይነካ አደራ እላለሁ።

የምቸኩልበትን ምክንያት ልግለጽ። የእናቴን መቃብር ለሁለት ሰው በሚበቃ ስፋት አስቆፍሬዋለሁ። እሳቸውን በቀኝ በኩል አሳርፈን አፈር አልብሰናል። ግራው ክፍት ነው፤ በቆርቆሮ ከድኜዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ እስከ አርባቸው፣ እስከ ሰኔ 2 ቀን ብቻ ፈቅደውልኛል። ትናንት በቢቸና የመጀመሪያው ዝናብ ጥሏል። ዛሬ ጠዋት ሄጄ የገባውን ውኃ በጣሳ ቀድቼ አውጥቻለሁ፤ ነገም እሄዳለሁ።

መልስዎን እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሺእመቤት አካለ ወልድ
የባንተአምላክ አካለ ወልድ እኅት