ሰባት ራስ ስለ ቆረጠው አጫጅ ለጓድ ንብረት የቀረበ ምስጋና

ኅዳር ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ንብረት
የከተማችን አብዮት ጥበቃ ኃላፊ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ይህ የቆላ ሐሩርና የወባ ትንኝ እኛን ተራዎቹን ሲያንገላታ የእርስዎን ክቡር ሰውነት እንዳይደፍር ከልብ እመኛለሁ። እኔ የገንዳ ውሃዋ የአማርኛ አስተማሪ ሙሉመቤት ነኝ። በኮኪት መንገድ ባለው እርሻ ሰሊጥ ለማጨድ ለመጡት የወሎና የጎጃም ልጆች በየእሑዱ የሚነበበውን የጀግና ታሪክ ከራሴ ፈጥሬ የጻፍሁትም እኔው ነኝ። ወንድይፍራው የተባለው ጀግና በመብረቅ ሰይፉ ሰባት ራስ ያለውን ዘንዶ ይገጥማል፤ አገሩ ዝማም የተሠራችው በደመና ላይ ነው። ይህን የማብራራው አጫጆቹ ከመጀመሪያው ገጽ የተረዱትን እርስዎም ቀስ ብለው እንዲደርሱበት ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ማሩ የሚባለው አጫጅ ታሪኩን ከሁሉ አብልጦ ከመውደዱ የተነሣ ከዘይት ቆርቆሮ የራስ ቁር፣ ከእንጨት ደግሞ ሰይፍ አበጀ። ባለፈው እሑድ የትራክተሩ ተሳቢ ላይ ወጥቶ ወንድይፍራው እንደሆነና ሰባት ራስ እንደ ቆረጠ ሲፎክር ሚሊሺያዎችዎ ከነቆርቆሮው ወሰዱት። እርስዎም በገዛ አንደበቱ አምኗል ብለው በሰባት ሰው ግድያ አሠሩት። የሟቾቹን ቤተሰብ እስከ ዛሬ አፈላልገው ማጣትዎ ያሳዝናል፤ ሟቾቹ የአንድ ዘንዶ ራሶች ስለሆኑ ለቅሶ የተቀመጠላቸው የለም።

፪ኛ. ዝማም በየትኛው ወረዳ እንደምትገኝ ለማጣራት ሱዳናዊውን ነጋዴ ሐሚድን አስጠርተው፣ ከገላባት ወዲያም ወዲህም እንዲህ ያለ አገር አላውቅም ብሎ ቢምል ከነግመሉ አግተው አዋሉት። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ሲባል እሰማ ነበር፤ እርስዎ ግን የሌለ አገር ናፍቀው ሰው አሠሩ።

፫ኛ. ጽሑፌን ወርሰው የፊውዳል ሽታውን አጠቡልኝ። በተሻሻለው ድርሰትዎ ወንድይፍራው ዘንዶውን የሚያሸንፈው ስብሰባ ጠርቶ በግለ ሂስ ነው። በእኔው ጽሑፍ ጊዜ ጀግናውን የከዳው ወንድሙ ምሕረት ይገባዋል አይገባውም በሚል አጫጆቹ ዱላ እስከ መማዘዝ ደርሰው ነበር፤ ወጥ ሠሪዋ ባየሽም ለከሃዲው ለተሟገተ ወጥ አልጨልፍም ብላ ነበር። የእርስዎ ድርሰት ሲነበብላቸው ግን ጠባቸውን ረስተው በአንድነት አንቀላፉ። ይህን የመሰለ የብዙኃን ስምምነት እኔ ከቶ አምጥቼ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ቁጥር አልቀጥልም፤ ተናድጃለሁ። አጨዳው አልቋል፤ አጫጆቹን ወደ ደጋ የሚመልሰው መኪና ሐሙስ ይነሣል። ማሩ ግን በዚያ የቆርቆሮ እስር ቤት ወባ ይዞት ይንቀጠቀጣል። መኪናው ጥሎት ከሄደ እናቱ በሕይወት ዳግመኛ የምታየው አይመስለኝም። በእርስዎ ፋንታ እኔ አፈርሁ። ወንድይፍራው ወንጀለኛ ከሆነ የወለድሁት እኔ ነኝና ማሩን ፈተው እኔን ይውሰዱኝ፤ ቤቴ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው፤ ዝማምን ያህል አያደክምዎትም።

ዘንዶን ከሰው መለየት እስኪቻልዎ ድረስ ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

እናት አገር ወይም ስብሰባ!

ሙሉመቤት አዱኛ

ግልባጭ፦
ለገበያተኛው ሁሉ፣ በሰሊጥ መመዘኛው ቤት ግድግዳ ላይ

ማስታወሻ፦ የእስር ቤትዎ ዘበኛ ዘሩ ትናንት ቤቴ መጥቶ፣ ማሩ ከታሪኩ የሚያውቀውን ሁሉ ለዘበኞቹ ተርኮ ስለ ጨረሰ ዘንዶው በመጨረሻ ይሞት እንደሆነ በትሕትና ጠየቀኝ። ለራሱ ሊያውቅ እንደ ፈለገ ማለልኝ፤ በእርስዎ መኪና መምጣቱ ግን አሳበቀበት። የመጨረሻውን ምዕራፍ አልወረሱትም፤ ለማንም ሳላነበው እጄ ላይ አለ። ማሩ ሐሙስ መኪናው ላይ ተሳፍሮ ባየሁ ሰዓት እልክልዎታለሁ። እስከዚያው ዘንዶው አልሞተም።