የአባባ ሽጉጥ እጀታ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018

ከአብነት ሰፈር ከተመለስን ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ወንድሜ ዳንኤል የአባባን የዒላማ ሽጉጥ ሊያስገምት ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። አባባ ሲሞት የአባት መሣሪያ የበኩር ልጅ ነው ተብሎ ለእሱ ከተሰጠው ገና ወር አልሞላውም። እሱ ደግሞ ሊሸጠው ነው።

መሣሪያ ጠጋኙ ጋሽ ተካ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጠው አገላብጠው አዩት። ብረቱን ወደዱት። እጀታው ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ተቀየረ። አባባ ለውድድር ብሎ እንጨቱን በገዛ እጁ ልክ አስቀርጾታል።

«ዋጋውን የሚያወርደው ይሄ ነው፤ ለአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው የተሠራው። እስቲ ያዘው» አሉት።

ዳንኤል ያዘው። ጣቶቹ ቦታ አጡ።

«አየህ? እስቲ አንቺም ሞክሪው።»

ልጅ ሆኜ ሽጉጡ ወዳለበት ቁም ሳጥን ስጠጋ እንኳ አባባ «ይሄ የሴት ዕቃ አይደለም» ብሎ ይቆጣኝ ነበር። ያዝኩት። ጣቶቼ በሙሉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ፤ አውራ ጣቴም ሳይቀር። ጋሽ ተካ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አንዴ እጄን አንዴ ፊቴን አዩ። ዳንኤል ቀማኝ።

«በቃ፣ ስንት ያወጣል?»

ቤት ስንገባ እማዬ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀች።

«አይረባም አሉ» አላት ዳንኤል።

እንዲያ አላሉም። ነገ ለገዢ ሊያሳየው ነው። እጄን እጨብጣለሁ፣ እዘረጋለሁ፣ መልሼ እጨብጣለሁ። ያው የአባባ እጅ ነው።