በሬ የሌለው ግጥም

ማክሰኞ

አባቴ ጓዙን ጠቅልሎ ጨረሰ። ፍራሹን ሳይቀር! አጎበሩንም ከምስማሩ አውርዶ፣ አጥፎ ከላይ አሰረው። ሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ወሎ፣ ወንድሞቹ ጋ፣ ለሁልጊዜው። "አርጅቻለሁ፣ ሀገሬ ልግባ" ነው የሚለው። እኔ እዚሁ ጋምቤላ ተወለድኩ፣ እሱም ጉልበቱን እዚሁ ጨረሰ። ሱቁ ለእኔ ሊቀር ነው፦ ጨው፣ ስኳር፣ ባትሪ ድንጋይ፣ የላስቲክ ጫማ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ከሰዓት ኦቻላ መጣ። የንባብ ክበባችን ሰብሳቢ ነው። በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ይመራል፤ እኛንም እንደ መዘምራኑ ነው የሚያዘን። "ዘሀራ፣ ቅዳሜ ተራው የአንቺ ነው። ሀገር መውደድ በጥንት ቻይና ግጥም። ቻይና ድረስ ሄደሽ ተምረሽ ጫማ ብቻ ትሸጫለሽ?" እሺ አልኩት። ወይ ምላሴ!

ረቡዕ

ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል። ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ አንድ ግጥም ስተረጉም ዋልኩ። ገጣሚው የድሮ ሹም ነው። ንጉሡ ሐሜት ሰምቶ ጠረፍ ወርውሮታል። ሰውዬው ግን ለራሱ አያዝንም፤ እንቅልፍ የሚነሳው የሀገሩ አዝመራና የወታደሮቹ ብርድ ነው። እነዚህን ግጥሞች የምወዳቸው ለዚህ ነው። ባንዲራ የለም፣ ፉከራ የለም። ወንዝ አለ፣ ዝናብ አለ፣ የጓደኛ መለየት አለ። "ሀገሬን እወዳለሁ" የሚል አንድ ስንኝ ሳይኖር ሆድ ያባባል።

ጭንቀቴ፦ የጠረፉን ስም እዚህ ማንም አያውቀውም። አሰብኩ አሰብኩና በእኛው የድንበር ከተማ ስም "ማታር" አልኩት። ወንዙንም ባሮ። የቻይናዋ አስተማሪዬ ብትሰማ ራሷን ትይዛለች።

ሐሙስ

ለአባ አነበብኩለት። ግጥም አይወድም፤ ስኳር እየመዘነ ነበር። ማታር ላይ ስደርስ ግን እጁ ቆመ። በወጣትነቱ በጀልባ ማታር ጨውና ጨርቅ ያመላልስ ነበር።

"ይሄ ሰውዬ ማታር የነበረው መቼ ነው?"

የእኔ ፈጠራ እንደሆነ ነገርኩት።

"ታዲያ በመጨረሻ ሀገሩ ገባ?"

"ግጥሙ አይናገርም፣ አባ።"

"ቢገባ ይሻለው ነበር" ብሎ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። ተናደድኩ። ቅዳሜም አልመጣም አለ፤ ዕቃ ያስራል አሉ! ስንቴ ነው የሚታሰረው?

አልሂድ እንዲል እፈልጋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። አፌ ግን አይለውም።

ቅዳሜ

ባሮ ዳር፣ ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። ጋሽ ጋትሉዋክ አባን እየጎተተ አመጣው። ጋሽ ጋትሉዋክ ኑዌር ነው፣ የአባ የጀልባ ዘመን ጓደኛ፤ ቁመቱ የማንጎውን ቅርንጫፍ ይነካል። አነበብኩ። ተጨበጨበ። ከዚያ ጋሽ ጋትሉዋክ ተነሳ።

"ልጄ፣ ግጥሙ ጥሩ ነው። በሬውስ የታለ?"

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

"ሰው ሀገሩን ሲዘፍን በሬውን ይጠራል። መልኩን፣ ቀንዱን፣ የጠጣበትን ውሃ። ከዚያ ጓደኞቹን ይጠራል። እነሱ ከሌሉ ምን ሀገር አለ?"

እዚህ ያደግኩት ልጅ እንዴት ዘነጋሁት! ኑዌር ወንድ ገና በጉርምስናው በሬ ይሰጠዋል፣ በበሬው ስም ይጠራል፣ ዕድሜውን ሙሉ ይዘፍንለታል። ቻይናዎቹ በግጥማቸው በሬ አይጠሩም ብዬ አመንኩ። ጓደኛ ግን አላቸው አልኩ፤ ስንቱን ግጥም የጻፉት ወንዝ ዳር ጓደኛ ሲሸኙ ነው።

"እኔም ጓደኛ እሸኛለሁ" አለና ሁለት እጁን እንደ ቀንድ ወደ ላይ ዘርግቶ ዘፈነ። በኑዌርኛ ነው። ሲጨርስ ለእኛ በአማርኛ አስረዳን። በሬው አመድማ ነው፣ ቀንዱ ወደ ፊት የታጠፈ። ጎርፍ መጣ፣ በሬው ታመመ፣ ሰው ሁሉ ሸሸ። ጨው ጭኖ በጀልባ የመጣው ቀጭኑ ሰይድ ግን አልሸሸም፤ ከበሬው ባለቤት ጋር ሆኖ ደግፎት ጭቃ ላይ አደረ።

አባ ቀና አለ። "እኔ ነኝ?"

"ሌላ ሰይድ አለ?"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ስትዘፍነው ሰምቻለሁ እኮ!"

"አንተ ኑዌርኛ የተማርከው ለገበያ ብቻ ነው።"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አባ ፊቱን በሻሹ ሸፈነ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። የእኔ ሹም ተረሳ፤ ቅር አላለኝም።

እሑድ

አባ ቁርሱን ሳይጨርስ ተነስቶ ጓዙን ፈታ። ፍራሹን ቦታው ላይ ዘረጋ። ሰጋጃውንና ሁለት ሸሚዝ ብቻ በትንሽ ቦርሳ ከተተ።

"ነገ እሄዳለሁ፤ ወንድሞቼ ይጠብቁኛል" አለ።

"ለሁልጊዜው?"

መዶሻ አምጪ አለኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ምስማር ላልቶ ነበር፣ መትቶ አጠበቀው። አጎበሩን ሰቀለ፣ ጠርዙንም ዙሪያውን ፍራሹ ሥር አስገባ።

"እስክመጣ እንዳታወርጂው።"