ከቤዝ ጊታሬ ላይ ለተነቀለው ድምፅ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ መምህሬ ለጋሽ ደጀኔ፣
የባንዳችን የሙዚቃ ኃላፊ፣
ወሎ ሰፈር

ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎ፣ ጣቶችዎ፣ በተለይም ባንዱ ሁሉ የሚተማመንበት ጆሮዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የቀድሞ ቤዝ ጊታር ተጫዋችዎ ሃይደር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሥራ ፈትቼ ስለምውል እጄም በደንብ አርፏል። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ውለታዎ በጓዳ የሚቀር ስላልሆነ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ከባለ አምስት ክር ቤዜ ክሮች ሥር ተቀምጠው ንዝረታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልኩት ሁለቱ ፒካፖች ተቃጥለዋል፣ ድምፅህን አፍነውታል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ለእኔ እንኳ ምንም አልተሰማኝም ነበር፤ ጆሮህ ገና አልበሰለም ሲሉኝ ግን አመንኩ። እርስዎን ያላመንኩ ማንን ልመን? የራሴን ድምፅ እየጠላሁት ከረምኩ።

ሁለተኛ፣ አዲሶቹን ራስዎ መርጠው፣ ራስዎ ስለገጠሙልኝ እጅዎ ይባረክ። ለአራት ክር የተሠሩ ስለነበሩ፣ ለእሱ ብዬ ይህን ቤዝ የገዛሁለት ወፍራሙ አምስተኛ ክር ጎረቤት ቤት እንደሚንተከተክ ገንፎ ሆኖ ቀረ። አቤት ስልዎ፣ ትለምደዋለህ ብለው አጽናኑኝ። አሮጌዎቹንስ ብዬ ብጠይቅ፣ የተቃጠለ ዕቃ ምን ያደርግልሃል፣ ጣልኳቸው አሉኝ።

ሦስተኛ፣ ዘፋኛችን ፀደንያ ቤዙ ስለማይሰማኝ መግቢያዬን እየሳትኩ ነው ብላ ባመለከተች ጊዜ፣ አንገትዎን ደፍተው፣ ልጁ ትንሽ ይረፍ ብለው ስለፈረዱልኝ፣ ቦታዬም ባዶ እንዳይሆን የራስዎን ቤዝ ይዘው ስለቆሙበት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዛሬ የትም ባንድ ብሄድ ጋሽ ደጀኔ ያሰናበቱት ልጅ እየተባልኩ እመለሳለሁ፤ ይህን የመሰለ የምስክር ወረቀት ማን ያገኛል!

ባለፈው ቅዳሜ እኔና ባለቤቴ ሀጀር እንደ እንግዳ መጥተን ከኋላ ተቀምጠን ነበር። ገና አንድ ዘፈን ሳይጋመስ ሀጀር ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ ይሄ ያንተ ድምፅ አይደለም ወይ፣ ምነው ጉንፋን የያዘው መሰለ አለችኝ። ወይ ጉድ! የኔው ነበር። በዕረፍቱ ሰዓት ወደ መድረኩ ጠጋ ብለን ቤዝዎን ብናየው፣ ከሁለቱ ፒካፖች በአንዷ ጥግ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አለች። ስፈታ ስገጥም ሁለቱ እንዳይምታቱብኝ ሀጀር የቀባችልኝ ነጥብ ናት።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኸው ነው። ዕቃውስ ዕቃ ነው፣ ጋሽ ደጀኔ። ቢጠይቁኝ ወላሂ እሰጥዎ ነበር፤ ሀጀርን ከአባቷ ስጠይቅ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝን ሰው ምን እነፍገዋለሁ? ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ድምፄ ጥሩ እንደሆነ ልብዎ እያወቀ፣ መጥፎ ነው ብለው እኔኑ በራሴ ላይ አስመሰከሩኝ። ፒካፖቹን ይያዟቸው። ባንዱ በተሰበሰበበት ግን የልጁ ድምፅ ደህና ነበር ብለው አንድ ቃል ይናገሩልኝ፤ እንጀራዬ በዚያች ቃል ላይ ቆሟል።

ከእግርዎ ሥር ተቀምጦ የተማረ፣ በእጅዎም ከመድረክ የወረደ፣
ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቱ የማይረሳው ታዛዥ ተማሪዎ፣
ሃይደር አብዱልገኒ
ሩዋንዳ ሰፈር፣ ቦሌ

ማሳሰቢያ፦ ነጥብ ያለባት ፒካፕ ቦታዋ ወደ ቤዙ አንገት በኩል ነበር፤ እርስዎ ከሌላዋ ጋር ቦታ አቀያይረው ገጥመዋታል። የድምፁ ጉንፋን ከዚያ የመጣ ነው። ሀጀር ከኋላ ወንበር የሰማችውን ያ የበሰለ ጆሮዎ እስከ ዛሬ አለመስማቱ ትንሽ አሳስቦኛል። ቢሆንም አይዞዎት፣ ይለምዱታል።