ጭንቅላት ተረከዝ አይደለም

እሑድ፣ ኅዳር 7፣ 2012። ቤይሩት።

«አሠልጣኛችን ሰብለን እንደ ጥጥ አለሰለሳት። ጭንቅላት እንደ ተረከዝ ነው፤ በተመታ ቁጥር ይጠነክራል። ለገና ግጥሚያ እንድትደርስ ከረቡዕ ጀምሮ ያለ ራስ መከላከያ ፊቷን ትመታ።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። የጻፈችው ወ/ሮ ዘነበች ናት፤ ዶራ ሰፈር ፀጉር ቤት ያላት፣ እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን የስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ። ቦክስ የማሠለጥናቸው የቤት ሠራተኞች፣ ሰብለም ጭምር፣ ሁሉ ባሉበት የስልክ ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። የሕንፃውን ደረጃ እያጠብኩ አነበብኩት። ባልዲውን በእግሬ ደፋሁት። «ዲግሪያሙ ናቱር» ይሉኛል ሴቶቹ ሲቀልዱ። አዎ፣ ሕንፃ እጠብቃለሁ። የተማርኩት ግን የሰውነት ማጎልመሻ ነው።

ደብተሬ፣ አንተ እንኳ ስማኝ። አንገት ይሠለጥናል፤ ሲጠነክር ራስ እንደ ልቅ በር አይወዛወዝም። ሆድ ይሠለጥናል፤ ትንፋሽ ማውጣትና ጡንቻ መቋጠር ነው። ዓይን ይሠለጥናል፤ ሰው የሚጥለው ያላየው ቡጢ ነውና። አገጭ መደበቅ፣ ጥርስ መግጠም፣ ይህም ይለመዳል። ሰብለን ይህንኑ ሳስተምር ከረምኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው አንጎል ነው። ተረከዝ ይደድራል። አንጎል አይደድርም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10።

መንገድ ዝግ። የሚነድ ጎማ፣ ሰልፈኛ። ሰርቪስ ታክሲ የለም። ከምሠራበት አሽራፊዬ እስከ ዶራ አዳራሻችን በእግሬ። ዘግይቼ ደረስኩ።

ወ/ሮ ዘነበች አልጠበቀችኝም። ሰብለን ያለ መከላከያ አቁማ፣ እጇን እንዳታነሣ አዝዛ፣ ሴቶቹን በየተራ ፊቷን አስመታቻት። ሰብለ አልወደቀችም። ፈገግ ብላ ቆማለች።

ራስሽን ያምሻል? አያመኝም። ያጥወለውልሻል? የለም። ድርብ ይታይሻል? «ማፊ ሺ ጋሼ፣ ምንም አልሆንኩም።» መልሶቹ ቶሎ ቶሎ፣ አንገት ቀና። ወ/ሮ ዘ. እጇን አጣምራ፦ «ያላ ጋሽ ሙሉጌታ፣ አሁንስ ዲግሪህ ምን ይላል?» ሴቶቹ ሳቁ።

ለአፍታ ተጠራጠርኩ። ምናልባት እኔ ነኝ የማላውቀው? ወደ ቤት እየተመለስኩ በዚህች ጥርጣሬ ራሴን ረገምኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከሰዓት።

አዳራሹ ጠዋት ቤ/ክ ነው፣ ከሰዓት የእኛ። ወንበር ላነሣ፣ የቡጢ ጆንያዬን ልሰቅል ቀደም ብዬ ሄድኩ። አምልኮው አላለቀም። በር ላይ ቆምኩ።

መሪ ዘማሪዋ ሰብለ ናት። ራሷ የደረሰችውን መዝሙር ጀመረች። ሁለተኛው ክፍል ላይ ቆመች። አፏ እንደተከፈተ። ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዝም። ፒያኖው ብቻውን ቀጠለ።

ከኋላ አንዷ «ጌታ ሆይ» ብላ አለቀሰች። ሌሎቹም ተከተሉ። መንፈስ ነክቷት ነው ያሉት። እጆች ተነሡ። ፓስተሩ ዓይኑን ጨፈነ። ወ/ሮ ዘ. ከፊት ተንበርክካ ታለቅሳለች። አዳራሽ ሙሉ ሰው ስለዚያ ዝምታ ያመሰግናል። እኔ የሰብለን ዓይን አየሁ። ፈርታለች። መቃኑን ያዝኩ።

በኋላ ደረጃው ላይ አስቀመጥኳት። ያለ ዜማ በይልኝ አልኳት። ሁለት ስንኝ አለች። ከዚያ የለም። ከረቡዕ ጀምሮ ራሷ ይከብዳታል፣ ብርሃን ያስጠላታል። ታዲያ ስጠይቅሽ ለምን ዋሸሽኝ?

«አልዋሸሁም ጋሼ። እዚህ አገር ‹አሞኛል› ያለች ሠራተኛን ማዳሟ ወዳስመጣት ኤጀንሲ፣ ወደ መክተቡ ነው የምትመልሳት። አፌ ለምዶ ነው።»

ለካ የሠለጠነው አፏ ኖሯል።

ለማንም እንዳልናገር ለመነችኝ። ማይኩን ይወስዱብኛል ብላ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16።

ሐኪም ጋ ወሰድኳት። አንጎሏ ተናውጧል፣ ዕረፍት ያስፈልጋታል አለ። ቡጢ ለወራት አይታሰብም፤ ሳይሻላት ዳግም ብትመታ የባሰ ይመጣል።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ወ/ሮ ዘ. ፀጉር ቤት። ልጮህባት ነው የሄድኩት፣ ቃሌን በመንገድ ደርድሬ። ሻይ ትጠጣለህ አለች። እሺ። አመጣችልኝ። የመዝሙሩን ነገር ትቼ፣ ሐኪሙ ያለውን ብቻ ነገርኳት። ማድረቂያውን አጥፍታ ሰማችኝ።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ እኔ መጀመሪያ በገባሁበት ቤት በጫማም በመጥበሻም ራስ ራሴን ተመትቼ ነው የጠነከርኩት። ኸላስ፣ በቃ፣ ይኸው ቆሜያለሁ። እኔን ማን ሐኪም አሳየኝ?»

ሻዬን ልጎነጭ ስል፣ ሻይ ትጠጣለህ አለች። ብርጭቆው እጄ ላይ ነው። ፀጉሯን የምትሠራላት ደንበኛ በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝና ዓይኗን ሰበረች። ይዣለሁ አልኩ። ወ/ሮ ዘ. ማድረቂያውን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ ስለ ጫማውና ስለ መጥበሻው እንደ አዲስ ነገረችኝ። በዚያው ቃል።

የደረደርኩትን ሳልናገር ወጣሁ። ቁጣዬ ዶራ አደባባይ ላይ ተመልሶ መጣ። ማን ላይ እንደማወርደው ግን ጠፋኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ጠዋት።

ሰብለ ደወለች። አንድ ስንኝ ተመልሶላታል። ቀሪው የለም። የገናው ግጥሚያ ማስታወቂያ ግን በአዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል፣ የሷ ስም ከላይ።

ወሰንኩ። ደብዳቤ። ግልባጩ፦

ለወ/ሮ ዘነበች። ሰብለ ለገና አትገጥምም፤ ስሟ ይውጣ። ኅዳር 7 በግሩፑ ላይ የጻፉት ይነሣ። በእኔ ልምምድ ማንም ሴት እጇን ጥላ ፊቷን አትመታም። ካልሆነ ጆንያዬን አውርጄ እሄዳለሁ። ደግሞም ሐኪሙ ጋ እርስዎን አስመዝግቤዎታለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ነው፣ መጥቼ እወስድዎታለሁ። መልስዎን እስከ እሑድ ኅዳር 21፣ አምልኮ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይስጡኝ። በቃል አልቀበልም። ሁለት ቅጂ ያድርጉት፤ አንዱን እንዳይረሱት መስተዋትዎ ላይ ይለጥፉት።